እስኪገባቸው ድረስ

ቢስሚላህ።  

ዛሬ መስጂድ ስትገቡ የመጀመሪያውን ሶፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሚንበሩ ፊት ለፊት፣ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው የተቀመጡ አንድ አባት አሉ። በየመስጂዱ አሉ። በማጀቴ አሉ፣ በካራቆሬ አሉ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢትም አሉ። ቀድመው የሚመጡት ለፊተኛው ሶፍ አጅር ብቻ ብለው አይደለም። ኋላ ከተቀመጡ የኢማሙ ድምፅ አይደርሳቸውም። መብራት ጠፍቶ ማይክሮፎኑ ዝም ያለ ቀን ደግሞ ፊት ተቀምጠውም አይደርሳቸውም።

ያኔ ምን ያደርጋሉ? አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ዱዓ ላይ የሰውን ከንፈር አይተው «አሚን» ይላሉ። ሲወጡ አንድ ወጣት «አባባ፣ የዛሬው ኹጥባ እንዴት ነበር?» ቢላቸው «ማሻአላህ፣ በጣም ጥሩ ነበር» ይላሉ። ቀጥሎ «ስለ ምን ነበር?» እንዳይላቸው ፈርተው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ።

እቤትም እንዲሁ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሁሉም ሲስቅ እማማም አብረው ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው ግን አያውቁም። የሚስቁት ብቻቸውን ዝም ብለው እንዳይታዩ ነው።

ይህን ስል ብዙዎቻችሁ የአንድ ሰው ፊት ትዝ እንዳላችሁ እገምታለሁ። የአያታችሁ፣ የእናታችሁ፣ የአጎታችሁ ፊት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚህ ሰዎችና እነርሱን ማገልገል ሥራቸው ስለሆነ ባለሙያዎች ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው። ሰውን እንዲሰማ መርዳት አጅሩ የት ላይ ነው?

መስማት የተሳናቸው መስለው የኖሩት ሰው

በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን በበልኽ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር፣ ሓቲም አል-አሶም የሚባሉ ደግ ሰው ነበሩ። «አል-አሶም» በዐረብኛ የማይሰማ ማለት ነው። ታሪካቸውን የጻፉት ሊቃውንት እንደሚተርኩት ግን ጆሯቸው ጤነኛ ነበር። ስሙ እንዴት ወጣላቸው? አንዲት ሴት ጥያቄ ልትጠይቃቸው መጥታ ሳለ ሳታስበው ፈስ አመለጣት። በሐፍረት መሬት ብትዋጣት በወደደች ነበር። ሓቲም ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነው «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አሏት። ሴትዮዋ «አልሰሙኝም፣ ጆሯቸው ከባድ ነው» ብላ ደስ አላት። ከዚያ በኋላ «የማይሰሙት ሓቲም» እየተባሉ ኖሩ።

እንግዲህ አስቡት። ሓቲም እየሰሙ ያልሰሙ መሰሉ፤ የሌላን ሰው ክብር ለመጠበቅ። የእኛ አባቶችና እናቶች ደግሞ ሳይሰሙ የሰሙ ይመስላሉ፤ የራሳቸውን ክብር ለመጠበቅ። ምክንያቱም ሌላ የሚጠብቅላቸው የለም።

መስማት ያዳከመው ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ድምፅ ማጣቱ ብቻ አይደለም። «ምን አልክ?» እያሉ መኖር ነው። አንድ ጊዜ ሲጠይቅ ሰው ይደግምለታል። ሁለተኛ ሲጠይቅ ይጮኹበታል። ሦስተኛ ሲጠይቅ «ይተዉት፣ ምንም አይደለም» ይሉታል። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከባድ ናት። «ላንተ መንገር ድካሙን አያክልም» ማለት ናት። ስንቶቻችን ነን ይህን ለገዛ አያታችን ያልን? ስንቶቻችን ነን የሰርጉን ቀን፣ የመሬቱን ጉዳይ፣ የሟቹን መርዶ ሳንነግራቸው አልፈን በኋላ «ነግረንዎት ነበር እኮ» ያልን?

ሰደቃው የተለካበት መስፈሪያ

አቡ ዘር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው የመዘገቡት አንድ ሐዲሥ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፀሐይ በምትወጣበት ቀን ሁሉ እያንዳንዱ ነፍስ ሰደቃ እንዳለባት ተናገሩ። አቡ ዘርም ገንዘብ ሳይኖረን ከየት አምጥተን እንመጽውት ብለው ጠየቁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰደቃን በሮች ሲዘረዝሩ ዚክሩን፣ በመልካም ማዘዙን፣ እሾህና ድንጋይ ከሰው መንገድ ማንሳቱን፣ ዐይነ ስውሩን መምራቱን ጠቀሱ። ከእነዚህ መሐል መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው እስኪገባው ድረስ ማሰማትም አለ።

ልብ በሉ። «እስኪሰማ ድረስ» አልተባለም። እስኪገባው ድረስ ነው የተባለው። የዐረብኛው ቃል እናንተ በየቀኑ ከምታውቁት «ፊቅህ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ፊቅህ ማለት መረዳት ነውና። እንግዲህ የዚህ ሰደቃ መስፈሪያው የድምፁ ከፍታ ሳይሆን የሰውዬው መረዳት ነው። ጮኸንበት ስለሄድን አልከፈልንም ማለት ነው።

የዘመናችን የመስማት ሕክምናም ራሱ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። እንዴት የሚለውን ላስረዳችሁ።

ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም

ኦዲዮሎጂስት ማለት የሰውን የመስማት አቅም የሚለካ፣ ችግሩ የጆሮው የቱ ክፍል ላይ እንዳለ ለመለየት የሚረዳ፣ የመስሚያ መሣሪያ የሚመርጥና የሚያስተካክል፣ ታካሚው እስኪላመድም አብሮት የሚቆይ ባለሙያ ነው። የጆሮ ሐኪም መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። የኦዲዮሎጂስቱ ሥራ ደግሞ በመድኃኒትም በቀዶ ሕክምናም የማይመለሰው መስማት ላይ ይበረታል።

ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደተጠማዘዘው ውስጠኛ ጆሮ ያሻግራሉ። እዚያ 15,000 ያህል ጸጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ንዝረቱን ለነርቭ ያስረክባሉ። ሱብሓነላህ! ሁሉም ከሽምብራ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ውስጥ ነው። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ችግሩ ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀዳዳውን ኩክ ደፍኖት ከሆነ ይጸዳል፣ ሰውዬውም ያው ዕለት ይሰማል። ከታምቡሩ ጀርባ መግል ቋጥሮ ከሆነ ይታከማል። ውስጠኛው ጆሮ ሲጎዳ ግን ነገሩ ይለያል። በእድሜና በጩኸት ምክንያት የሚመጣው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው። ወፍራሞቹ ይቀራሉ። በቋንቋችን «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ»፣ «ከ»፣ «ሸ» ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። «አ»፣ «ኦ»፣ «ኡ» ደግሞ ወፍራም ናቸው።

አሁን አባባ ፊት ቆማችሁ «ልጁ ሠራ» በሉ። ከዚያ «ልጁ ፈራ» በሉ። ከዚያ «ልጁ ጠራ» በሉ። ልዩነቱ ያለው በመጀመሪያው ፊደል ላይ ብቻ ነው። ያ ፊደል ለእርሳቸው ጠፍቷል። የሚሰሙት «...ራ» የሚለውን ነው። ሠራ ይሁን ፈራ ይሁን ጠራ ይሁን ከፊታችሁና ከወሬው አቅጣጫ ይገምታሉ። አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ አንዳንዴ ይስታሉ። ሲስቱ ልጆች ይስቃሉ። ስለዚህ ነው «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ስትጮኹባቸው የሚጨምረው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ የጠፋው ፊደል ግን እንደጠፋ ይቀራል። ጆሯቸው ይታመማል፣ መልእክቱ አይደርስም። ከሩቅ ለሚያየው ደግሞ የተቆጣችኋቸው ይመስላል።

ባለሙያው የሚያደርገው ይህን የጠፋውን መለየት ነው። ታካሚውን ጸጥ ባለ ክፍል አስቀምጦ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ፣ ከጎላ እስከ እጅግ የደከመ ያሰማዋል። ታካሚው በሰማ ቁጥር እጁን ያነሳል። ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ የመስሚያ መሣሪያው ሁሉን ድምፅ እኩል እንዳያጎላ፣ የጠፋውን ለይቶ እንዲያጎላ ይስተካከላል። የሰውዬው ጉዳት ምን እንደሚመስል ሳይለካ ከገበያ ተገዝቶ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማጉያ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ቪዲዮውና ከቪዲዮው በኋላ

ስልካችሁ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ሕፃን ወይም ሽማግሌ የመስሚያ መሣሪያ ይደረግላቸዋል፣ መሣሪያው ይከፈታል፣ ፊታቸው ይበራል፣ እንባ ይፈሳል። እኛም «ሱብሓነላህ» ብለን እናጋራለን። ብዙ ሰው የዚህ ሙያ ደስታ ያች ቅጽበት ትመስለዋለች። ወደ ሙያው ለመግባት የሚመኝም ያችን ቅጽበት ተመኝቶ ነው።

ደስታው ሐላል ነው። ሰው በሠራው መልካም ሥራ ሰዎች ሲያመሰግኑት ምን እንደሆነ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው፣ ለሙእሚን የተቻኮለ ብሥራት መሆኑን ተናግረዋል። ሙስሊም የዘገቡት ነው፤ የተላለፈውም እዚያው በአቡ ዘር በኩል ነው። ብሥራት ግን ደመወዝ አይደለም። ብሥራት ደመወዙ እንደሚመጣ የሚነግር ወሬ ነው። ወሬውን ደመወዝ አድርጎ የያዘ ሰው ቪዲዮው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ ድንገት ድምፅ ሲዘንብበት ይደነግጣል። የሳህን ግጭት እንደ መዶሻ ይሆንበታል። የራሱ ድምፅ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። ገበያ መሐል ሲገባ ሁሉም ድምፅ እኩል ይጮኽበታል፤ የሚያናግረውን ሰው ከበግ ነጋዴው ለይቶ መስማት ያቅተዋል። ይህ እስኪስተካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በዚህ መሐል ብዙ ሰው «ድሮም ይሻለኝ ነበር» ብሎ ያወልቀዋል።

የይፋት ቆላ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ሙቀቱ፣ ላቡና አቧራው ለእነዚህ ጥቃቅን መሣሪያዎች ጠላት ናቸው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩባት ትንሿ ባትሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታ ታልቃለች። ባትሪዋ የማትሸጥበት ከተማ ውስጥ ያለ ሰው መሣሪያው ስንት ብር ያወጣ ቢሆን ከአንድ ወር በኋላ ጆሮው ላይ ያለው ጌጥ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ጠቦ ያቆስላል፣ ወይ ሰፍቶ ያፏጫል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክል፣ ሁለተኛ ቀጠሮ የሚሰጥ፣ ሦስተኛ ቀጠሮ ላይም ያልተሰላቸ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ካሜራ የለም። እንባም የለም። አንድ ሽማግሌ «ይህ ነገር ያፏጫል» እያሉ ያማርራሉ። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ያጸዳል፣ ያስተካክላል፣ በቀስታ ያናግራል፣ እንደገና ይፈትሻል። ያ ሐዲሥ የጠቀሰው «እስኪ» የሚለው ቃል የሚኖረው እዚህ ነው። ሰደቃው ያለው መሣሪያውን በመክፈቱ ቅጽበት ሳይሆን እስኪገባቸው ድረስ በሚሄደው ረጅም መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄዬ መልስ ይህ ይመስለኛል። ለሰጪው በጣም ደስ የሚለው ሰዓትና ለተቀባዩ በጣም የሚጠቅመው ሰዓት አንድ አይደሉም። አጅሩን የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ።

እየተከፈለው የሚሠራስ?

«ደመወዝ እየበላበት ምን አጅር አለው?» የሚል ይኖራል። ሐላል እንጀራ በራሱ ኢባዳ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ በኒያ ነውና። ግን ደመወዝ ያለበት ቦታ ፈተናም አለ። መሣሪያ የሚያዝዘውም የሚሸጠውም አንድ ሰው በሚሆንበት ቦታ ውዱ መሣሪያ ሁሌም «የተሻለው» ሆኖ ይገኛል። ልጅ ከውጭ አገር ለአባቱ ብር ልኮ፣ አባትየው የማያስፈልጋቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። አማና ማለት ይህን አለማድረግ ነው።

ሌላም አማና አለ፤ እርሱም እውነት መናገር ነው። «ድሮ እንደነበረው ይመለስልኛል?» ብለው ሲጠይቁ «አይመለስም፣ ግን ይሻልዎታል» ማለት። ተስፋ መሸጥ ቀላል ነው። እውነትን ለሰው ሳያሳዝኑ መንገር ግን ሙያ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ የሚያገኘው ነገር ከደመወዙ በላይ ነው። ሰዎች ለዘመዳቸው እንኳ የደበቁትን ይነግሩታል። «ስትስቁ የምስቀው ሳይገባኝ ነው» የሚለውን የመጀመሪያው ሰሚ እርሱ ይሆናል።

የማይመለሰውስ ጆሮ?

ወንድምና እህቶቼ፣ አንድ ነገር እንዳንሳሳት። ሁሉም ጆሮ በመሣሪያ አይመለስም። ሁሉም መስማት የተሳነው ሰውም «ተመለስልኝ» አይልም። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። መስፈሪያው መረዳት ከሆነ፣ በድምፅም ይሁን በእጅ መልእክቱ ከደረሰ ደርሷል። ይህ የእኔ መረዳት ነው፣ አላህ ያውቃል። ስንት መስማት የተሳነው ወጣት ግን ዕድሜውን ሙሉ ጁሙዓ እየመጣ አንዲት ኹጥባ ሳትደርሰው ይኖራል? በምልክት የሚተረጉምለት አንድ ሰው በአጠገቡ ስላልተገኘ ብቻ።

ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን አስታውሱ። ዐይነ ስውር ነበሩ። የእርሳቸውን ጉዳይ ይዞ ሱረቱ ዐበሰ ወረደ፤ ለመማር የመጣን ሰው ፊት መንፈግ እንደማይገባ ለዘላለም ተነበበ። በኋላም የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ሆኑ፣ መዲናንም በተደጋጋሚ ተወክለው ጠበቁ። አካል የጎደለው ሰው በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚታዘንለት ብቻ አልነበረም። ኃላፊነት ይሰጠው ነበር። እኛስ መስማት ያዳከማቸውን አባት ለሽምግልና እንጠራቸዋለን? ወይስ «አይሰሙም» ብለን ትተናቸዋል?

ማጀቴ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለመስማት ችግራቸው የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። በአገራችን ግን ኦዲዮሎጂስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከተቀመጠችው ማጀቴ የሚነሱ አባት ካራቆሬ ወጥተው፣ ሸዋ ሮቢትን አልፈው፣ ጣርማ በርን ወጥተው፣ ደብረ ብርሃንን ተሻግረው መሄድ አለባቸው። ሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ይህንኑ መንገድ እንደገና ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ። እንግዲህ «እስኪገባቸው ድረስ» ለእኛ አካባቢ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቃሌ ትምህርት ላይ ላላችሁት ነው። ሕክምና ስታስቡ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን ሙያዎች ብቻ አታስቡ። ጥቂት ሰው ያለበት በር ላይ የሚቆም አንድ ሰው የብዙዎችን ግዴታ ያነሳል። ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሆናችሁ የጆሮ ምርመራን መሠረታዊ እውቀት ብትይዙ እንኳ ለወረዳችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ለሁላችሁም ነው፤ ዛሬውኑ የሚጀመር፦

አባባን ስታናግሩ ከፊታቸው ሁኑ፤ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን፣ አፋችሁን አትሸፍኑ። አትጩኹ፤ ቀስ በሉ። ካልገባቸው ያንኑ ቃል አትድገሙ፤ በሌላ ቃል ቀይራችሁ ንገሯቸው። ቴሌቪዥኑን ወይም ሬዲዮውን ዝም አሰኙ። ከኹጥባ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዋናውን ሐሳብ በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። «ይተዉት፣ ምንም አይደለም» የምትለውን ቃል ከቤታችሁ አውጧት።

የልጅ ጆሮ መግል ከፈሰሰው «ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ክብሪት እንጨት፣ ላባ አታስገቡ። ልጅ ሲወለድ በብዙ ቤቶቻችን በቀኝ ጆሮው አዛን ይባላል። ወደ ሕፃን ልጅ የምንልከው የመጀመሪያው ነገር ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ደርሶት እንደሆነ ግን ማን ይከታተላል? ስድስት ወር ሞልቶት ወደ ድምፅ ካልዞረ፣ ቤት ውስጥ ድንገት ሲጮህ ካልደነገጠ፣ አትጠብቁ። ቋንቋ የሚተከለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ዘግይቶ የታወቀበት ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ተብሎ ከትምህርት ቤት ይወጣል።

ክትባትን አትዝለሉ። ኩፍኝና ማጅራት ገትር ከሚተዉት ጠባሳ አንዱ የመስማት ጉዳት ነው። ቆላ ነንና ወባን እናውቃለን፤ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ጆሮን ጭው ሊያደርግ ይችላል፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች ደግሞ ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጆሯችሁ ከጮኸ ለሰጣችሁ ባለሙያ ወዲያው ተናገሩ።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። 85 ዴሲቤል በሆነ ጩኸት ውስጥ ስምንት ሰዓት መዋል ለጆሮ ወሰኑ ነው። ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ወፍጮ ቤት የሚውል ወንድማችን ጆሮውን መሸፈን አለበት። የጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንዲት ጥይት እንኳ ልትጎዳ ትችላለች። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ስንት ተኩስ እንደሰማ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ካለ «ፈርቼ ነው» ብሎ አይተወው፣ ይታይ። የጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ድምፁን እስከ ጫፍ የምትለቁትም ብትሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዓይነት አደጋ ላይ ናቸው የሚላቸው ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው። ቁርኣንም ብታዳምጡበት ጆሮው ያው ጆሮ ነው። ኒዕማው የሚጠየቁበት አማና ነው፤ አላህ በብዙ አንቀጾች መስማትን ከማየት አስቀድሞ አንስቶታልና።

ወደ መጀመሪያው ሶፍ

ሓቲም አል-አሶም የአንዲትን ሴት ክብር ለመጠበቅ ስማቸውን ሰጡ። ከእናንተ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው። አምስት ደቂቃና ትዕግሥት ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ ደግሞ ምናልባት ሕይወታችሁን ለዚህ ሙያ ትሰጡ ይሆናል። ያኔ ሰው ሲያመሰግናችሁ ደስ ይበላችሁ። ካሜራው ሲጠፋ ግን አትሂዱ።

ዛሬ ሶላቱ ሲያልቅ አባባ ጫማቸውን መፈለግ ሲጀምሩ ቀድማችሁ አንሡላቸው። ፊት ለፊታቸው ሁኑ። «የዛሬው ኹጥባ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው። «አባባ፣ ኢማሙ ዛሬ የተናገሩት ስለዚህ ነበር» በሏቸው። ቀስ ብላችሁ። እስኪገባቸው ድረስ።

ያ አላህ፣ አንተ ሁሉን ሰሚ ነህ። የጆሯችንን ኒዕማ ጠብቅልን። የደከመባቸውን አባቶችና እናቶች ብቻቸውን አትተዋቸው፣ የሚያናግራቸውንም አታሳጣቸው። በዚህ ሙያ የሚለፉትን ልፋታቸውን ተቀበላቸው፣ ኒያቸውንም አጥራላቸው። ለአካባቢያችን ጸጥታንና ሰላምን ስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።